ከዘመዶቹ ርቆ የቀረው ኮሮሺ፦ የባሉቺ ዘዬ ነው ወይስ ራሱን የቻለ ቋንቋ?

ዘጎጃም (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለዚህ መድረክ አባላት በሙሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ አስተምራለሁ። ስለ ዘዬ ሳስተምር ለተማሪዎቼ ዘወትር የምነግራቸው ነገር ነበር፤ ከዋናው ተናጋሪ ሕዝብ ተነጥሎ የቀረ ማኅበረሰብ የአባቶቹን ቋንቋ ሳይበረዝ ይዞ ይቆያል እላቸው ነበር። እኔም ከመምህሬ የሰማሁት እንዲሁ ነው። ሰሞኑን ግን በደቡብ ኢራን ስለሚነገር «ኮሮሺ» ስለሚባል የባሉቺ ዘዬ ጥቂት አንብቤ እምነቴ ተናወጠብኝ። ያነበብሁት ጽሑፍ በአንድ በኩል ዘዬው ጥንታዊ ነገር እንደያዘ ይናገራል፤ በሌላ በኩል ደግሞ በሌሎቹ የባሉቺ ዘዬዎች ያልተለመደ አዲስ ሰዋስው እንዳበጀ ይገልጻል። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ? ለመሆኑ ከባሉቾች አገር ይህን ያህል ርቆ የሚነገር ልሳን ባሉቺ ነው የሚባለው በምን ማስረጃ ነው? የሚያውቅ ቢያስረዳኝ ለተማሪዎቼም አደርሰዋለሁ።

የሰዋስው ወዳጅ

መምህር፣ ጥያቄዎ ብዙ ዓመት ያሰብሁበት ስለሆነ ትንሽ ረዘም አድርጌ ልመልስ፤ ይታገሡኝ።

ባሉቺ ከኢራን ቋንቋዎች ቤተሰብ በሰሜን ምዕራቡ ቅርንጫፍ የሚመደብ ቋንቋ ነው። በዚህ አመዳደብ ከኩርድኛ ጋር በአንድ ወገን ሲሆን ፋርስኛ ደግሞ በደቡብ ምዕራቡ ወገን ነው። አብዛኛው ተናጋሪ የሚኖረው በፓኪስታን ባሎቺስታን፣ በደቡብ ምሥራቅ ኢራን እና በደቡብ አፍጋኒስታን ነው። ዘዬዎቹን ሊቃውንት በተለምዶ ምዕራብ፣ ደቡብ እና ምሥራቅ ብለው በሦስት ይከፍሏቸዋል። ጆሴፍ ኤልፌንባይን እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው የዘዬ ጥናት ስድስት ዘዬዎችን ዘርዝሯል፤ ኮሮሺ ከስድስቱ አንዱ አይደለም። ጥልቅ የሆነ የሰዋስው ገለጻ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው፤ በዚያ ዓመት መርየም ኑርዛኢ፣ ካሪና ያሃኒ፣ ኤሪክ አኖንቢ እና አባስ አሊ አሃንጋር የተባሉ አራት ተመራማሪዎች ከተናጋሪዎች አፍ የተቀዳ ንግግርን መሠረት ያደረገ ሥራ በስዊድን ኡፕሳላ አሳተሙ።

ኮሮሾች በዋነኛነት የሚኖሩት ዋና ከተማው ሺራዝ በሆነው በፋርስ ክፍለ ሀገር ነው። ከሺራዝ ተነሥቶ የኢራን ባሉቾች የሚኖሩበት የሲስታንና ባሉቺስታን ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ እስከሆነችው ዛሄዳን ለመድረስ በመኪና መንገድ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ርቀት ይዘው ለብዙ ዘመን የኖሩት ግን ብቻቸውን አይደለም። ቱርክኛ የሚናገሩት የቃሽቃይ ዘላን አርብቶ አደሮች በበጋና በክረምት ሰፈር ሲቀያየሩ ኮሮሾች የግመል እረኞቻቸው ሆነው አብረው ይጓዙ ነበር። ስለዚህ የኮሮሽ ልጅ በድንኳኑ ውስጥ ኮሮሺ ይሰማል፤ ከግመሎቹ ባለቤቶች ጋር በቃሽቃይ ቱርክኛ ይነጋገራል፤ ገበያ ሲወርድ ደግሞ ፋርስኛ ያስፈልገዋል። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የኢራኑ ንጉሥ የሬዛ ሻህ መንግሥት ዘላኖችን በግድ ማስፈር ከጀመረ ወዲህ፣ ትምህርት ቤትም ሲስፋፋ፣ የፋርስኛው ክብደት እየጨመረ መጥቷል።

እንግዲህ «ተነጥሎ የቀረ» የሚለውን ቃል እዚህ ላይ ማጥራት ያስፈልጋል። ኮሮሺ የተነጠለው ከዘመዶቹ ነው፤ ከሰው አልተነጠለም። በየቀኑ ሁለት ሌሎች ቋንቋዎችን እየሰማ ያደገ ዘዬ ነው። ከዘመድ መራቅና ከጎረቤት መክረም በአንድ ጊዜ ሲሆኑ ሰዋስው ምን ይሆናል የሚለው ነው ጥያቄው።

ሐሳብ አለኝ

ለየሰዋስው ወዳጅ፦ ገለጻዎ ግልጽ ነው፤ ነገር ግን የመምህሩን ሁለተኛ ጥያቄ አልመለሱም። ሕዝቡ ከባሉቾች ጋር ዝምድና አለው ስለተባለ ብቻ ቋንቋውን ባሉቺ ማለት አይቻልም። ቃላቱ ከባሉቺ ጋር ቢመሳሰሉም ፋርስኛም ሆነ ኩርድኛ ከአንድ ግንድ ስለሆኑ መመሳሰሉ የሚጠበቅ ነው። እንዲያውም ዓለም አቀፉ የቋንቋ መለያ ሥርዓት ለኮሮሺ የራሱን ኮድ እንደሰጠው አይቻለሁ። ይህስ ራሱን የቻለ ቋንቋ ነው ማለት አይደለምን?

የሰዋስው ወዳጅ

ትክክለኛ ጥያቄ ነው። መልሱ ያለው በመመሳሰሉ ላይ ሳይሆን በመመሳሰሉ ሥርዓት ላይ ነው።

ፋርስኛ ከጥንታዊው የኢራን ቋንቋ የወረሳቸውን አንዳንድ ተነባቢዎች፣ በተለይ ከአናባቢ በኋላ ሲመጡ፣ አላልቷቸዋል። ባሉቺ ግን አልነካቸውም። ውሃ በፋርስኛ «አብ» ነው፤ በባሉቺ «አፕ»። ቀን በፋርስኛ «ሩዝ» ነው፤ በባሉቺ «ሮች»። ሴት በፋርስኛ «ዘን» ስትሆን በባሉቺ «ጀን» ናት። ዳቦ በፋርስኛ ተጨማድዶ «ናን» ሲሆን በባሉቺ «ነገን» ነው፤ መካከል ላይ የነበረችው ተነባቢ አልጠፋችም። እንዲህ ያለው ልዩነት በአንድ ቃል ብቻ ቢታይ እድል ነው ሊባል ይችል ነበር፤ የሚታየው ግን አንድ ዓይነት የድምፅ ሁኔታ በተገኘበት ቦታ ሁሉ ነው።

ኮሮሺ በዚህ ረገድ ከባሉቺ ጋር ይቆማል። በዙሪያው ያሉት ፋርስኛና ቃሽቃይ እነዚህን ጥንታዊ ድምፆች ሊያበድሩት አይችሉም፤ ፋርስኛው ራሱ ጥሏቸዋል፣ ቃሽቃይ ደግሞ ከሌላ ቤተሰብ ነው። የሌለው ሰው አያበድርም። በሰዋስውም ቢሆን ኮሮሺን ከሌሎቹ ዘዬዎች ጋር ሲያነጻጽሩት ይበልጥ የሚቀርበው ለደቡቡ ወገን እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ያሳያሉ።

የኮዱን ነገር በተመለከተ፣ ኮድ የሚሰጠው ለመመዝገብ እንዲመች ነው። ዘዬና ቋንቋ የሚለየው መስመር ከሰዋስው ይልቅ በሰዎች መግባባትና በማኅበረሰቡ አመለካከት ስለሚሰመር እኔ በዚህ ላይ ብዙ አልሟገትም። ኮሮሺ የባሉቺ ወንድም ይሁን ልጅ፣ ከዚያ ቤት የወጣ መሆኑ አያጠራጥርም።

ማስቃጥ ያለችው

ጤና ይስጥልኝ። ከጻፋችሁት ሁሉ ደስ ያለኝ «አፕ» የሚለው ቃል ነው፤ ምክንያቱም እኔ በሥራ ምክንያት ኦማን ከመጣሁ ጀምሮ በየቀኑ የምሰማው ነው። እዚህ ማስቃጥና መጥራህ ውስጥ ባሉቾች ብዙ ናቸው። ለዚህም ታሪካዊ ምክንያት አለው፤ የጓዳር ወደብ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ በኦማን ሱልጣኖች እጅ ስትኖር ቆይታ ለፓኪስታን የተሸጠችው እ.ኤ.አ. በ1958 ነበር፤ የሱልጣኑ ወታደሮችም ለብዙ ዘመን ከባሉቾች ይመለመሉ ነበር።

ከምኖርበት ቤት አጠገብ አንዲት ባሉች ባልቴት አሉ። በዓረብኛ ነው የምንግባባው፤ እኔም እርሳቸውም ዓረብኛውን እኩል ስለማንችለው ብዙ ጊዜ በእጅ እናግዘዋለን። በመጀመሪያው ሳምንት የልጅ ልጃቸውን «አፕ» እያሉ ሲልኩት ሰምቼ የሰው አፍ የሚሉ መስሎኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። በኋላ ብርጭቆውን ሳይ ገባኝ።

አሁን ጥያቄዬ ይህ ነው። መምህሩ ኮሮሺ በሌሎቹ ዘዬዎች ያልተለመደ አዲስ ሰዋስው አበጅቷል ብለዋል። ምንድን ነው እርሱ? ብትነግሩኝ ጎረቤቴን ጠይቄ እነርሱ ዘንድ እንዴት እንደሚባል ላጣራ እችላለሁ።

የሰዋስው ወዳጅ

እህቴ፣ እንዲህ ያለ እርዳታ ከመጽሐፍ የበለጠ ነው። በተለይ አንድ ነገር ይጠይቁልኝ።

በአብዛኛው የባሉቺ ዘዬ ስምን እሙር የሚያደርግ፣ ማለትም የእኛን «ልጁ» «ልጅቷ» የመሰለ ቋሚ ምልክት የለም። ስሙ ባዶውን ይቆማል፤ አድማጩ የትኛው እንደሆነ ከነገሩ አካሄድ ይረዳል። ኮሮሺ ውስጥ ግን «-ኦክ» የሚባል መድረሻ አለ። ተራኪው አንድን ሰው ወይም እንስሳ አንዴ ካስተዋወቀ በኋላ ደግሞ ሲጠራው «-ኦክ»ን ይጨምርበታል፤ ያኔ «ቅድም ያልነው» ማለት ይሆናል። መርየም ኑርዛኢ ይህን ጉዳይ ከ2015ቱ ሥራ በኋላም በስፋት አጥንታዋለች። እ.ኤ.አ. በ2017 በኡፕሳላ ያቀረበችው የዶክትሬት ጥናቷ በሦስት ዘዬዎች፣ ማለትም በጠረፍ ባሉቺ፣ በኮሮሺ እና በሲስታን ባሉቺ ተራኪዎች ባለ ታሪኮችን እንዴት ደጋግመው እንደሚጠሩ የሚያነጻጽር ነው።

ትልቁ ነገር የመድረሻዋ ምንጭ ነው። ከዚህች መድረሻ ጋር አንድ ወገን የሆኑ በ«ክ» የሚያልቁ መድረሻዎች በሌሎቹ የባሉቺ ዘዬዎችም አሉ፤ እዚያ ግን ሥራቸው ማሳነስ፣ ማቆላመጥ፣ አንዳንዴም መናቅ ነው። እንግዲህ ኮሮሺ ከውጭ ያመጣው ነገር የለም። ከእናት ቤት ይዞት የወጣውን የማቆላመጫ መድረሻ ወስዶ የሰዋስው ግዴታ አደረገው። ጎረቤትዎን የሚጠይቁልኝም ይህን ነው፤ በእርሳቸው አነጋገር «-ኦክ» ሲጨመር ምን ስሜት ይሰጣል?

ሐሳብ አለኝ

ከቃሽቃይ ቱርክኛ የመጣ አለመሆኑ በምን ታወቀ?

የሰዋስው ወዳጅ

ቱርክኛ ወገን የሆኑ ቋንቋዎች ለእሙርነት የተለየ መድረሻ ስለሌላቸው ነው። እነርሱ እሙርነትን የሚያሳዩት ስሙ ተሳቢ ሲሆን ብቻ በተሳቢ ምልክት ነው። ነገር ግን ጎረቤት ምንም ድርሻ የለውም ለማለት አልደፍርም። የሺራዝ ከተማ ሰዎች በዕለት ንግግራቸው ለታወቀ ነገር «-ኡ» የምትባል መድረሻ ያክላሉ፤ የተራው ሕዝብ ፋርስኛም «-ኤ» አለው፤ በመካከለኛው ኩርድኛ ደግሞ «-ኤኬ» አለች፤ «ኩር» ልጅ ሲሆን «ኩሬኬ» ልጁ ማለት ነው። ስለዚህ በዚያ አካባቢ ሁሉ አንድ ዓይነት ዝንባሌ አለ፤ ኮሮሺም ፋርስ ውስጥ ስለኖረ ይህን ዝንባሌ በየቀኑ ሲሰማ ነበር። መድረሻዋ የራሱ ናት፤ ወደዚያ እንድታዘነብል የገፋት ግን የአካባቢው ልማድ ሊሆን ይችላል።

ዘጎጃም

ስለ ማቆላመጫው ሳነብ አንድ ነገር ብልጭ አለብኝና ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። እኛስ «ሰውዬው» እንል የለምን? «አባዬ»፣ «እማዬ»፣ «ወንድምዬ» ስንል «-ዬ» የምታቆላምጥ መድረሻ ናት። «ሰውዬ» ውስጥ ያለችውም እርሷ ትመስለኛለች። ዛሬ ግን «ሰውዬው መጣ» ሲል ማንም ሰው ማቆላመጡን አያስብም፤ «ያ የምናውቀው ሰው መጣ» ማለቱ ነው። «ሰውው» ብሎ መናገርማ ለጆሮም አይመች። «ሴትዮዋ» የምንለውም እንዲሁ ነው። ሌላም አለ፤ አንድን ነገር በሴት አንቀጽ ስንጠራው «ይቺን ቡና ጠጣ» «ቤቷ ደስ ትላለች» እንላለን፤ እዚህ ላይ ሴት ማድረጉ ማሳነስና መውደድ ነው።

ስለዚህ ኮሮሾች ያደረጉት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ እኛ ዘንድ በሁለት በሦስት ቃል ላይ ተወስኖ የቀረውን እነርሱ በስሞች ሁሉ ላይ ማዳረሳቸው ነው። ተማሪዎቼ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኙም። ተሳስቼ ከሆነ አርሙኝ።

የሰዋስው ወዳጅ

አልተሳሳቱም መምህር፤ እኔ እንዲያውም ይህን ሳላስተውለው ኖሬአለሁ። መንገዱም የሚታሰበው እርስዎ ባሉት ዓይነት ነው። ሰው የሚያቆላምጠው የሚያውቀውን ነው። «ያ ትንሹ ልጅ» «ያ ምስኪኑ ግመል» እያለ ሲተርክ አድማጩም አብሮ የሚያውቀውን ነገር እየጠራ ነው። ይህ አነጋገር ሲደጋገም የፍቅሩ ስሜት ይደበዝዝና የመታወቁ ትርጉም ብቻ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ለትልቅ ተራራም፣ ለጠላትም ቢጨመር አያስገርምም።

ማስቃጥ ያለችው

ጠየቅኋቸው። በመጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ «እርሱ ለትንሽ ነው፤ አያቴ ተረት ስትነግረን እንዲህ ትል ነበር» አሉኝ። ለትልቅ ሰው ብትጨምሩት ምን ይሆናል ብዬ ብጠይቃቸው እጃቸውን ዝቅ አድርገው የልጅ ቁመት አሳዩኝና «ሰውየው ይቀየምሻል» አሉኝ። ስለዚህ በእርሳቸው አነጋገር ገና ማሳነስ ነው። በኮሮሺ ግን ለማንኛውም የታወቀ ነገር ይሆናል ማለት ነው?

የሰዋስው ወዳጅ

በትክክል። ጎረቤትዎ የጠረፉን አነጋገር ነው የሰጡዎት። እኔ ከመጽሐፍ ያነበብሁትን እርስዎ ከሰው አፍ አመጡልን፤ ስላገዙን አመሰግናለሁ።

ሁለተኛው የኮሮሺ አዲስ ነገር የብዙ ቁጥር ነው። በብዙው ባሉቺ ስም ባለቤት ሆኖ ሲቆም ነጠላ ይሁን ብዙ በመልኩ አይለይም፤ የሚለየው ግሱ ነው። የብዙ ምልክት የሆነችው «-አን» የምትመጣው ስሙ ተሳቢ ሲሆን ወይም በመሰል አገባብ ሲገባ ነው። ኮሮሺ ግን «-ኦባር» እና «-ጋል» የሚባሉ የብዙ ምልክቶች አሉት። «-ጋል» ብዙም አታስደንቅም፤ በምዕራብ ኢራን በሚነገረው በሉርኛና በአንዳንድ ኩርድኛ ዘዬዎችም ትገኛለች። «-ኦባር» ግን ኮሮሺን ከሌሎቹ ዘዬዎች ወዲያው የምትለይ መታወቂያ ናት። በአማርኛ «አምስት በግ» ብለን ቁጥሩ ካለ ምልክቱን እንደምንተው ልብ በሉ፤ ምልክት የሌለው ብዙ ቁጥር ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም።

ታሽኬንት የተማርሁ

ልጆቼ፣ በዚህ መድረክ ከጀመርሁ ወዲህ እንዲህ ያለ ጨዋ ውይይት ስላላየሁ አስተያየት ልስጥ። እኔ በ1970ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ለትምህርት ሶቪየት ኅብረት ሄጄ ታሽኬንት ነው የተማርሁት። በመካከለኛው እስያም ተነጥለው የቀሩ ባሉቾች አሉ፤ በቱርክሜኒስታን በማሪ አካባቢ የሚኖሩ ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ፣ በብዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ፣ ከአፍጋኒስታንና ከኢራን ተሻግረው ጥጥ እርሻ ላይ ሰፈሩ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በላቲን ፊደል የመማሪያ መጻሕፍት ታትመውላቸው ነበር፤ ኢቫን ዛሩቢን የተባለው የሌኒንግራድ ሊቅም ተረቶቻቸውን ሰብስቧል። በኋላ ያ የጽሕፈት ሥራ ተቋረጠ። እ.ኤ.አ. በ2006 ሰርጌይ አክሴኖቭ የዚህን ዘዬ ሰዋስው በኡፕሳላ አሳተመ።

የምጠይቀው ይህን ነው። የባሉቺ ቋንቋ በኃላፊ ጊዜ ላይ ኤርጋቲቭ የሚባል የተለየ አገባብ እንዳለው አውቃለሁ። የቱርክሜኒስታኑ ዘዬ ግን ይህን ጥሎታል። እርሱም ተነጥሎ የቀረ ነው፤ በዙሪያውም ያለው ቱርክኛ ወገን ነው። ኮሮሺስ ምን አደረገ?

የሰዋስው ወዳጅ

ጋሼ፣ ከሁሉ የሚከብደውንና ከሁሉ የሚጣፍጠውን ነው ያነሡት።

ለሌሎቹ አንባቢዎች ስል በአማርኛ ልጀምር። «ራበኝ» ስንል የተራበው «እኔ» ነኝ፤ ግሱ ግን «ራበ» ነው፤ «እርሱ» የሚለውን መደብ የያዘ። እኔነቴ ያለው መጨረሻ ላይ በተለጠፈችው «-ኝ» ውስጥ ነው። «ደከመኝ»፣ «አለኝ»፣ «ጨነቀኝ» ሁሉ እንዲህ ናቸው። ግሱ ከእውነተኛው ባለጉዳይ ጋር አይስማማም፤ ባለጉዳዩ እንደ ተለጣፊ ተውላጠ ስም ይገባል።

አሁን ይህን አሠራር ወስዳችሁ በተሻጋሪ ግስ ላይ፣ ያውም በኃላፊ ጊዜ ብቻ፣ አድርጉት። ኮሮሺ በኃላፊ ጊዜ «በላ»፣ «መታ»፣ «አየ» በመሳሰሉት ግሶች ላይ አድራጊውን የሚያሳየው በተለጣፊ ተውላጠ ስም ነው፤ በ«መጣ» እና «ሄደ» ላይ ግን ተራውን የግስ መድረሻ ይጠቀማል። ተለጣፊዋም ሁልጊዜ ግሱ ላይ አትቀመጥም፤ ከግሱ በፊት ወዳለው ቃል ዘልላ ልትሄድ ትችላለች። በአማርኛ ቃላት ብናስመስለው «ዳቦዬ በላ» ዓይነት ይሆናል፤ ትርጉሙ ግን «የእኔን ዳቦ ሌላ ሰው በላ» አይደለም፤ «ዳቦ በላሁ» ማለት ነው። በአሁን ጊዜ ሲሆን ደግሞ ይህ ሁሉ ይቀርና ግሱ እንደ እኛው ግስ ከአድራጊው ጋር ይስማማል። አንድ ልጅ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ትናንት በላሁ፣ ዛሬም እበላለሁ» ሲል ሁለት የተለያዩ የሰዋስው ሥርዓቶችን እያቀያየረ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። የቱርክሜኒስታኑ ዘዬ ኤርጋቲቩን የጣለው ተነጥሎ ስለቀረ ነው ብለን እንዳንቸኩል የሚያደርገን ነገር አለ፤ የቅርብ ዘመዱ የሆነው የአፍጋኒስታኑ ምዕራብ ባሉቺም ጥሎታል። ስለዚህ መንገዱን አብሮት ይዞ የመጣ ይመስላል። ኮሮሺ ደግሞ የሚቀርበው ለደቡቡ ወገን ነው፤ ደቡቡ ጠብቆታል። በዚያ ላይ በፋርስ አካባቢ ባሉ አንዳንድ የኢራን ዘዬዎች ተለጣፊ ተውላጠ ስም በኃላፊ ጊዜ አድራጊን ያሳያል፤ ኮሮሺ የያዘውን እንዲጥል የሚገፋው ሁሉም ጎረቤት አልነበረም ማለት ነው። ስለዚህ ዘዬው ምን ያህል ራቀ ብቻ ሳይሆን ከየትኛው ወንድም ተለየ፣ ከማንስ አጠገብ ሰፈረ ብለን መጠየቅ አለብን።

ታሽኬንት የተማርሁ

ልጄ፣ «ራበኝ» ብለህ ያስረዳኸው ግሩም ነው። ይህን ነገር በሩስኛ ሦስት ጊዜ አንብቤው ሳይገባኝ የኖርሁት ነው።

የሾንኬ ልጅ

ክሩን ከመጀመሪያው እየተከታተልሁ ዝም ብዬ ነበር። የአርጎባ ተወላጅ ነኝ፤ የወሎው ሾንኬ የአያቶቼ መንደር ነው። የእኛ ልሳን ለአማርኛ እጅግ የቀረበ ነው፤ አማርኛ የጣላቸውን አንዳንድ የጉሮሮ ድምፆች ግን እስከ ዛሬ ይዟል፤ ልክ ባሉቺ «አፕ» ብሎ እንደያዘው። ሕፃን ሳለሁ በትምህርት ቤት አርጎብኛ ስናገር «የተበላሸ አማርኛ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም አምኜ አፍሬበት አደግሁ። ኮሮሾችንም «የተበላሸ ፋርስኛ ነው የምትናገሩት» የሚላቸው ሰው ሳይኖር አይቀርም።

የመጣሁት ለምክር ነው። አያቴ በሕይወት አሉ፤ ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ለመስከረም ወደ መንደሩ እሄዳለሁ፤ በስልኬ ድምፃቸውን ልቀዳ አስቤአለሁ። የቃላት ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ፤ ውሃ፣ እሳት፣ እጅ፣ ዓይን እያልሁ አንድ በአንድ ልጠይቃቸው ነው። ይህ ይበቃል?

የሰዋስው ወዳጅ

ወንድሜ፣ ዝርዝሩን አይጣሉት፤ ድምፆቹን ለማወቅ ይጠቅማል። ነገር ግን ሁለተኛ ያድርጉት። ኮሮሺን ያጠኑት ተመራማሪዎች «ልጅ በእናንተ ቋንቋ ምን ይባላል» ብለው ብቻ ጠይቀው ቢሄዱ ኖሮ «-ኦክ»ን አያገኟትም ነበር፤ ምክንያቱም እርሷ ብቻውን በተጠራ ቃል ላይ አትመጣም። የምትመጣው ተረት ሲነገር፣ ያው ሰው ደግሞ ሲጠራ ነው። ስለዚህ አያትዎን ተረት ያስነግሯቸው። ጅብና አህያም ይሁን፣ በወጣትነታቸው ያዩት ድርቅም ይሁን፣ ሳያቋርጡ ይተዉዋቸው። አማርኛ እየቀላቀሉ ቢናገሩም አያርሟቸው፤ መቀላቀሉም የቋንቋው ታሪክ ነው።

ማስቃጥ ያለችው

እኔም አንድ ልጨምር። ጎረቤቴ ለእኔ ብለው በዓረብኛ ሲያስረዱኝ አንደበታቸው ይተሳሰራል። ለልጅ ልጃቸው ሲተርኩ ግን እጃቸው፣ ዓይናቸው ሁሉ ይናገራል። አያትዎ ለስልኩ እንዳይናገሩ አጠገባቸው አንድ ሕፃን ያስቀምጡ።

የሾንኬ ልጅ

የእህቴ ልጅ አምስት ዓመቷ ነው፤ እርሷን ይዤ እሄዳለሁ። የመጀመሪያውን ተረት ቀድቼ እንደተመለስሁ በዚሁ ክር ላይ ጽፌ አኖረዋለሁ። ባለ ታሪኩ ሁለተኛ ሲጠራ አያቴ ምን ብለው እንደሚጠሩት አብረን እናየዋለን።